ሳፊሯን ወደ ሰማይ ለመመለስ፦ ከሪቬት ጋር ያለን ትግል

የሳፊሯ የኋላ አካል ላሜራ ተዘጋ። የመጨረሻዋ ሪቬት፣ ላሜራን ከላሜራ የምታያይዘው ምስማር መሰል ማሰሪያ፣ ገባች። ፈቃድ ያለው መካኒክ መብራትና መስታወት ይዞ ውስጡን ጥግ በጥግ አየና ፈረመልን። ደስታው ለብቻዬ የሚያዝ አልሆነም። አሮጌ አውሮፕላን በማደስ ላይ ላላችሁ፣ ወይም ልጀምር ለምትሉ፣ እስካሁን የቀሰምኩትን ላካፍላችሁ።

ሳብ 91 ሳፊር የስዊድን አውሮፕላን ናት። መጀመሪያ የበረረችው እ.ኤ.አ. በ1945 ኖቬምበር ላይ ነው። በጠቅላላው 323 ተሠርተዋል። ለእኛም ባዳ አይደለችም። ስዊድናዊው አብራሪ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1947 በሳፊር ከስቶክሆልም ተነስተው የትም ሳያርፉ አዲስ አበባ ገብተዋል። ከ6000 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ ከ30 ሰዓት በላይ በረራ። ቢሾፍቱ ላይም ስንት የአየር ኃይላችን ካዴት መብረር የተማረው በዚህች አውሮፕላን ነው። ስዊድን ስኖር ከዚህ የእድሳት ቡድን ጋር የተጣበቅኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

የእኛዋ 91 ቢ ናት። የስዊድን አየር ኃይል ይህን ሞዴል ዩንግቢሄድ በሚገኘው የበረራ ትምህርት ቤቱ ለዓመታት አሠልጥኖበታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቡልዶግ የሚባለው አውሮፕላን ሲተካት ብዙዎቹ ለግል ሰዎች ተሸጡ። የእኛዋም ባሕር ማዶ ተሻግራ መጋዘን ውስጥ ስትከርም ቆይታ ነው አገሯ የተመለሰችው።

መፍታቱ ቀላል ነበር። ፎቶ ታነሳለህ፣ ትፈታለህ፣ ስም ትለጥፋለህ፣ ትደረድራለህ። ባለ 190 ፈረስ ጉልበቱ ላይካሚንግ ሞተር ወደ ባለሙያዎቹ ሄደ። ፕሮፔለሩም እንደዚያው። ስለ እነሱ ብዙ የምለው የለኝም። ገንዘብ ይበላሉ እንጂ እንቅልፍ አይነሱም።

እንቅልፍ የነሳን ላሜራው ነው። የአሉሚኒየም ዝገት እንደ ብረት ቀይ ሆኖ አይታይም። ሁለት ላሜራ የሚደራረብበት ቦታ ላይ እርጥበት ይገባል፣ ነጭ ዱቄት ይፈጠራል። ዱቄቱ ከበላው አሉሚኒየም የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ላሜራዎቹን ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። በሪቬቶቹ መካከል ላሜራው እንደ ትራስ ካበጠ ውስጡ ተበልቷል ማለት ነው። ከላይ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ሊሆን ይችላል። ቀለም አትመኑ።

ያበጠውን ላሜራ ለማንሳት ሪቬቶቹ መውጣት አለባቸው። የሪቬቱን ራስ መሐል በመብሻ ምልክት ታደርጋላችሁ። በትራፓኖ የሪቬቱን ራስ ውፍረት ያህል ብቻ ትበሳላችሁ። ከዚያ ራሱን ሰብራችሁ፣ ከጀርባ ድጋፍ ይዛችሁ፣ ግንዱን በቀስታ መትታችሁ ታስወጣላችሁ። የትራፓኖው ፑንታ ትንሽ ካዘነበለ ቀዳዳው ይሞላለላል። የሞላለለ ቀዳዳ ከፍ ያለ መጠን ያለው ሪቬት ይፈልጋል። ከፍ ያለው ሪቬት ደግሞ ከላሜራው ጠርዝ በቂ ርቀት ይፈልጋል፤ ከቀዳዳው መሐል እስከ ጠርዝ ቢያንስ የሪቬቱ ውፍረት ሁለት እጥፍ መኖር አለበት። ያ ካልተገኘ ነገሩ ከሪቬት መቀየር አልፎ ሌላ ጥገና ይሆናል። ለዚህ ነው በዚህ ሥራ ላይ ችኩል ሰው የማልወደው።

መልሶ መምታቱ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከውጭ ሪቬት ገኑን፣ በአየር ግፊት የሚመታውን መዶሻ፣ ይይዛል። ሌላው ከውስጥ፣ ተጣጥፎ፣ ለስላሳ ፊት ያለው ከባድ ብረት ከሪቬቱ ጫፍ ላይ ይደግፋል። በጩኸቱ ውስጥ መነጋገር አይቻልም። ስለዚህ ከውስጥ ያለው በብረቱ ላሜራውን ይነካል። አንድ ምት ከሆነ «ገና ነው፣ ጨምር»። ሁለት ከሆነ «ጥሩ ነው»። ሦስት ከሆነ «ተበላሽቷል፣ ይውጣ»። ይህን ያስተማሩን በወጣትነታቸው የአየር ኃይል መካኒክ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ሦስት ሲመቱ ማንም አይከራከራቸውም።

ጥሩ ሪቬት በዓይን ብቻ አይለይም። ከውስጥ የተጨፈለቀው ራስ ስፋቱ የግንዱን ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከፍታው ደግሞ የግንዱን ውፍረት ግማሽ ያህል መሆን አለበት። መለኪያ ሠርታችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። አንዳንድ ጠንካራ ሪቬቶች ደግሞ በሙቀት ከለሰለሱ በኋላ ፍሪዘር ውስጥ ነው የሚቀመጡት። ክፍል ሙቀት ላይ ሲቆዩ ቶሎ ስለሚጠነክሩ ትንሽ ትንሽ እያወጡ መምታት ነው።

በሁለት ነገር አልደራደርም። አንደኛ፣ ጭነት በሚሸከም ቦታ ላይ ጠንካራ ሪቬት የነበረበትን «ማን ያየዋል» ብሎ ከአንድ ወገን ብቻ ተስቦ በሚገባ ፖፕ ሪቬት መተካት። አየሩ ያየዋል። ሁለተኛ፣ አሉሚኒየምን በብረት ብሩሽ ማጽዳት። የብረቱ ብናኝ ላሜራው ውስጥ ተሰክቶ አዲስ ዝገት ይጀምራል። አሮጌውን ላሜራ ግን አትጣሉት። አዲሱ ልክ እስኪገባ ድረስ ከእሱ የተሻለ ናሙና የለም።

አዲሱን ላሜራ ይዞ የሚያቆየው ክሌኮ የሚባል ባለ ስፕሪንግ መያዣ ነው። ከዕቃዎቻችን ሁሉ እሱን እወዳለሁ። ብዙ ግዙ። ካሰባችሁት በላይ ግዙ።

እኔ ከውስጥ ብረቱን መያዝ እመርጣለሁ። ገኑን ስይዝ እጄ አሁንም ይጨነቃል። የክንፉ ዋና ተሸካሚ አጠገብ ያሉትን ቀዳዳዎች እስካሁን ለአዛውንቱ ነው የምተውላቸው። ቡድን ውስጥ መሥራት የሚያዋጣው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ብቻችሁን ጋራዥ ውስጥ ለመጀመር ካሰባችሁ በእኔ አስተያየት መጀመሪያ ሰው ፈልጉ፣ ከዚያ አውሮፕላን።

«ሙዚየም ብትገባ አይሻልም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ሙዚየም ያከብራታል። እኔ ግን የማሠልጠኛ አውሮፕላን አየር ላይ ስትሆን ነው የሚገባኝ። ሞተሩን ያልሰማ፣ መሪዋን ያልነካ ወጣት ሳፊርን አወቃት አልልም።

አሁን የጅራቱ መሪዎች፣ ማለትም በማጠፊያ የሚንቀሳቀሱት ክፍሎች ላይ ነን። እያንዳንዱ የቀለም ንብርብር ከማጠፊያው ኋላ ክብደት ይጨምራል፤ ሚዛኑ ከተዛባ መሪው በፍጥነት ላይ ሊርገበገብና ጅራቱን ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ ከቀለም በፊት መዝነናል፣ ከቀለም በኋላም እንመዝናለን። የሚዛን መለኪያ ማቆሚያ ራሳችሁ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ማጠፊያውን ያለ ሰበቃ በምን ላይ እንዳሳረፋችሁት ንገሩኝ። የእኛው ትንሽ ይይዛል፣ ንባቡም በየጊዜው ይለያያል።