የማብቂያ ቀን እንዴት ይጻፋል

«ጦርነቱ ያበቃው በዚህ ቀን ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ባነበብኩ ቁጥር «ለየትኛው ጉዳይ?» ማለት ይቀናኛል። ምርኮኛ መለቀቅ ያለበት ቀን አለ፤ የጦርነት ጊዜ ሕግ የሚሻርበት ቀን አለ፤ ሟች የሚቆጥር አጥኚ መዝገቡን የሚዘጋበት ቀንም አለ። ቀኖቹ በዓመታት ሊራራቁ ይችላሉ፤ አብዛኛው ክርክርም የሚነሳው አንዱ ስለዚኛው፣ ሌላው ስለዚያኛው እያወራ ነው።

የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ያየ ይህን አይስተውም። የተኩስ አቁም ውሉ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1918 ጎህ ሳይቀድ ተፈረመ፤ የጸናው ግን ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነው። በመሀሉ ሰው መሞቱ አልቆመም። በምሥራቅ አፍሪካ ይዋጋ የነበረው የጀርመን ጦር ደግሞ ወሬው ዘግይቶ ስለደረሰው እጁን የሰጠው ኖቬምበር 25 ነው። የቬርሳይ ውል ጁን 28 ቀን 1919 ተፈርሞ ጃንዋሪ 10 ቀን 1920 ሥራ ላይ ዋለ። ብሪታንያ በበኩሏ «ጦርነቱ እስኪያበቃ» ተብለው የተጻፉ ሕጎችና ውሎች የሚያልቁበትን ቀን መቁረጥ ስለነበረባት ኦገስት 31 ቀን 1921 አለች። ሁሉም ለየራሳቸው ሥራ ልክ ናቸው።

ሰነድ ሲገኝ ከፊርማው ይልቅ ቶሎ መታየት ያለባቸው የሚጸናበት ሰዓት፣ የሚሸፍነው ቦታ፣ የፈረሙት ወገኖችና የሚቆይበት ጊዜ ናቸው። የኮሪያ ጦርነት የተኩስ አቁም ስምምነት ጁላይ 27 ቀን 1953 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተፈርሞ የጸናው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ሁለቱም ወገኖች በ72 ሰዓት ውስጥ ከመለያያው መስመር ሁለት ሁለት ኪሎ ሜትር እንዲያፈገፍጉ ያዛል። የፈረሙት የጦር አዛዦች ናቸው፤ ደቡብ ኮሪያ አልፈረመችም፤ የሰላም ውልም እስካሁን የለም። ስለዚህ በቀን ሰንጠረዥ ውስጥ «ውጊያው የቆመበት» የሚለው አምድ ይሞላል፣ «የሰላም ውል» የሚለው ባዶ ይቀራል። ባዶ አምድ የሚያስጨንቀው ሰው የሚያጠፋው ጥፋት አንዱን ቀን ለሁለቱም መጻፍ ነው።

ሕጉም ቢሆን አንድ ቀን አይሰጥም። የ1949ኙ ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 118 ምርኮኞች ውጊያው እንደቆመ ሳይዘገይ ይለቀቁ ይላል፤ የሰላም ውል አይጠብቅም። ይህ የገባው ከልምድ ነው፤ የ1929ኙ ስምምነት መልቀቁን ከሰላም ውል ጋር አያይዞት ስለነበር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ውሉ ሲዘገይ ምርኮኛውም ለዓመታት ተያዘ። ሲቪሎችን የሚጠብቀው አራተኛው ስምምነት ተፈጻሚነቱ እንዲያበቃ በአንቀጽ 6 የሚጠይቀው ግን ሰፋ ያለ ነው፦ የወታደራዊ እንቅስቃሴው በጠቅላላ መዘጋት። ተኩስ ቆሞ ሠራዊቱ ምሽግ ለምሽግ እየተፋጠጠ ከሆነ የመጀመሪያው መለኪያ ሊሟላ ይችላል፣ ሁለተኛው አጠያያቂ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ የቀን ሰንጠረዥ ክፍተቱን በደንብ ያሳያል። ግጭት የማቆም ስምምነት ጁን 18 ቀን 2000፣ የአልጀርስ ስምምነት ዲሴምበር 12 ቀን 2000 ተፈረመ፤ የጦርነቱ ሁኔታ ማብቃቱ በመግለጫ የታወጀው ግን ጁላይ 9 ቀን 2018 አስመራ ላይ ነው። መሀል ያለው ሰላምም ጦርነትም የሌለበት ዘመን የራሱ አምድ ይገባዋል።

ወደ ቁጥር ስንመጣ፣ ብዙ አጥኚ የሚጠቀምበት የኡፕሳላ የግጭት መረጃ ፕሮግራም የትጥቅ ግጭት መለኪያ በአንድ የቀን መቁጠሪያ ዓመት 25 የውጊያ ሟች ነው፤ 1,000 ሲደርስ «ጦርነት» ይባላል። ለማነጻጸር ይጠቅማል፣ ቀን ለመቁረጥ ግን ያሳስታል። በዲሴምበር ወር ውስጥ 24 ሰዎች ሞተው በጃንዋሪ ወር ሌላ 24 ቢሞቱ፣ በሌሎቹ ወራትም ምንም ባይኖር፣ በሁለት ወር 48 ሰው አልቆ ሁለቱም ዓመቶች ከመስመሩ በታች ይቀራሉ። በተጨማሪ ረሀብና በሽታ የገደለው እዚያ ውስጥ አይገባም። አሸናፊው ሲቪሎችን መግደል ቢጀምር በሌላ ዘርፍ ስለሚመዘገብ የውጊያው ቁጥር ይወርዳል፣ ግድያው ግን ቀጥሏል። ስልክና መንገድ በተቆረጠበት አካባቢም ዜሮ ማለት «ሰው አልሞተም» ሳይሆን «ወሬ አልወጣም» ሊሆን ይችላል።

ለእኔ የሚመቸኝ አሠራር ይህ ነው። የመጨረሻው የተረጋገጠ ውጊያ ከተካሄደበት ቀን ጀምሮ 12 ወር ሙሉ መጠበቅ፣ እስከዚያ «ጊዜያዊ» ብሎ መያዝ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ያንኑ የመጨረሻ ውጊያ ቀን መጻፍ። መጠበቂያው ያለቀበትን ቀን አይደለም፤ ይህ ተደጋግሞ ይምታታል። 12 ወር የምለው ክረምትና በጋው ሁለቱም ማለፍ ስላለባቸው ነው። መንገድ በጭቃ ሲዘጋ ጦር ይቀመጣል፣ ሲደርቅ ይነሳል፤ ሦስት ወር ጸጥታ አይቶ መዝገብ የዘጋ በአራተኛው ወር ይከፍተዋል። ጠቅላላ ድል ሲሆን ጥበቃው ቀለል ይላል፤ በአንጎላ የአማጺው የዩኒታ መሪ ጆናስ ሳቪምቢ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2002 ተገደለ፣ ኤፕሪል 4 ስምምነት ተፈረመ፣ ሁለቱ በስድስት ሳምንት ስለሚቀራረቡ ማንኛውም ቢመረጥ ብዙ አያጣላም።

አስቸጋሪው ከዋናው ቡድን የሚያፈነግጥ ክፍል ነው። በኮሎምቢያ ፋርክ የተባለው አማጺ ቡድን በ2016 ከመንግሥት ጋር ስምምነት ፈርሞ በ2017 አጋማሽ ትጥቁን ለተባበሩት መንግሥታት አስረከበ፤ ስምምነቱን ያልተቀበሉ ክፍሎች ግን ጫካ ቀሩ፣ ኢኤልኤን የተባለው ሌላ አማጺ ቡድንም ከመጀመሪያው ውሉ ውስጥ አልነበረም። እዚህ ላይ «የኮሎምቢያ ጦርነት አበቃ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ «መንግሥትና ፋርክ» የሚለው ጥንድ ብቻ ይዘጋል። ያፈነገጠው ክፍል የድሮውን አዛዥና ጥያቄ ይዞ ከቀጠለ የቆየውን መዝገብ በማስታወሻ መክፈት ይሻላል። ስሙ አንድ ሆኖ አዛዡም የሚዋጋለትም ነገር ከተቀየረ አዲስ መዝገብ እከፍታለሁ፣ የድሮውም የማብቂያ ቀን ሳይነካ ይቆያል።