ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ጥያቄውን የጠየቁት አንዲት እናት ናቸው። ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ፣ እኔና ባልደረቦቼ ከተከልነው የሶላር ፓምፕ አጠገብ ቆመን ነበር። ፓምፑ ከቆመ ስድስት ሳምንት አልፎታል። ሴቶቹ ጄሪካናቸውን አዝለው ወደ ድሮው ምንጭ መመላለስ ጀምረዋል። እናትየዋ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ። አብሮን የመጣው ልጅ ተረጎመልኝ።

«የሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው? ነው የሚሉት።»

ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር።

ፓምፑ ራሱ ምንም አልሆነም። ፓኔሎቹም ደህና ነበሩ። የተበላሸው ሮቶው ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋው ትንሽ ተንሳፋፊ ነው። የድሬዳዋ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚያልፍ ካልሲየም ይበዛበታል። ድሬ ያደገ ሰው ሁሉ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ያው ቅርፊት ተንሳፋፊው መታጠፊያ ላይ ተጋገረና ወደ ላይ እንደተነሳ አስቀረው። መቆጣጠሪያው ሮቶው የሞላ መሰለው። ሮቶው ግን ባዶ ነበር።

ሳጥኑ ውስጥ ተንሳፋፊውን ዘልሎ ፓምፑን በእጅ የሚያስነሳ ማብሪያ ነበረ። አንድ ሰው ሳጥኑን ከፍቶ ያንን ቢጫን ኖሮ ውሃው በዚያው ቀን ይመጣ ነበር። ሳጥኑን የቆለፍነው ልጆች እንዳይነካኩት ብለን ነው። ውሳኔው ሁለት ደቂቃ አልፈጀብንም። ከተማ ውስጥ፣ ቢሮ ተቀምጠን፣ መንደሩን ሳናማክር።

ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የፓምፑን አቅም፣ የቧንቧውን ውፍረት፣ የፓኔሉን ብዛት ሁሉ በትክክል አስልተናል። ውሃው ካልሲየም እንደሚበዛበትም አውቅ ነበር። እናትየዋ የጠየቁትን ጥያቄ ግን አምስት ዓመት ምህንድስና ስማር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የባሰው ደግሞ እኔም አስተማሪ ሆኜ ተማሪዎቼን ጠይቄ አላውቅም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የጀመረው።

የእኛ ተማሪዎች ፍሬሽማን ላይ ሎጂክ ይወስዳሉ። ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ የሚባለውንም ኮርስ ይወስዳሉ። አንዱ ክፍል ውስጥ ስለ ትክክለኛ ሙግት ይማራሉ፤ ሌላው ክፍል ውስጥ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ዳታ። ሁለቱ ኮርሶች ግን አይገናኙም። ሎጂኩ ስለ ማሽን አያወራም። ኢመርጂንጉም «ይህ ማሽን ለማን ተሠራ? ሲበላሽስ ማን ይጎዳል?» ብሎ ለመሟገት ጊዜ የለውም። ተማሪው ሁለቱንም ያልፍና ወደ ዲፓርትመንቱ ይገባል። ከዚያ በኋላ ፍልስፍና የሚባል ነገር ዞር ብሎ አያይም።

እኔ የማስተምረው የዲዛይን ኮርስ አለ። ከእሱ በሳምንት ሁለት ሰዓት ለቴክኖሎጂ ፍልስፍና፣ እንዲህ ላሉ ጥያቄዎች፣ ለመስጠት ወሰንኩ። አላማዬ ተማሪዎቹን የቴክኖሎጂ ፊደል ማስቆጠር ነበር። ፊደል የቆጠረ ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው ማን እንደጻፈው፣ ምን እንደፈለገ ያነባል። ማሽንም እንደዚያ ይነበባል። እያንዳንዱ ብሎን፣ እያንዳንዱ ቁልፍ የአንድ ሰው ውሳኔ ነው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር አልሆነልኝም። ከግሪኮች ጀመርኩ። አሪስቶትል እውቀትን፣ የእጅ ሙያንና ማስተዋልን እንዴት እንደለያያቸው አስረዳሁ። ነገሩን እወደዋለሁ፣ ለረጅም ጊዜም ተዘጋጅቼበታለሁ። ተማሪዎቹ በሥነ ሥርዓት ጻፉ። ድሬ ውስጥ ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት ስምንት ሰዓት ላይ ቁጭ ብሎ ስለ አሪስቶትል መስማት ቀላል አይደለም፤ ግን ታገሡኝ። ፈተናም ላይ ትርጉሙን ቃል በቃል መለሱ።

ከዚያ የመጨረሻ ጥያቄ ላይ የቆመ የእጅ ፓምፕ ፎቶ አድርጌ «ለምን ቆመ?» ብዬ ጠየቅኩ። ከግማሽ በላይ የሆኑት ወረቀቶች አንድ ዓይነት መልስ ይዘው መጡ። «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት።»

ይህን ሐረግ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሪፖርት ላይ አለ፣ ስብሰባ ላይ አለ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ አለ። እኔም ስለዚያ የሶላር ፓምፕ የመጀመሪያውን ሪፖርት ስጽፍ ከዚህ ሐረግ ትንሽ ነው የቀረኝ። ሐረጉ ምን እንደሚሠራ ግን ልብ በሉ። መሐንዲሱን ከጥያቄው ያወጣዋል። ጥፋቱን ውሃ ላጣው ሰው ይሰጠዋል። ከዚያ ሴሚስተር ጀምሮ በእኔ ክፍል «የግንዛቤ እጥረት» የሚል መልስ ዜሮ ነው። የማን ግንዛቤ? ስለ ምን? ማን ሊነግራቸው ይገባ ነበር? ይህን ካልጻፉ ነጥብ የለም።

በሁለተኛው ሴሚስተር ነገሩን ገለበጥኩት። መጀመሪያ ዕቃው፣ በኋላ ሐሳቡ።

በመጀመሪያው ቀን የተቃጠለ የውሃ ማፍያ ይዤ ገባሁ። ፈታታነው። ውሃው ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ በውሃው ሟሙቶ የነበረው ካልሲየም ደግሞ ወደ ድንጋይነት ይለወጥና ማሞቂያው ላይ ይለጠፋል። ድንጋዩ ሙቀቱን ወደ ውሃው በደንብ አያሳልፍም። ማሞቂያው በራሱ ሙቀት ይቃጠላል። ይህ ኬሚስትሪ ነው፤ ሁሉም ገባቸው። ከዚያ «ይህን ማፍያ የሠራው ሰው የየትኛውን አገር ውሃ እያሰበ ነበር?» አልኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንድ ልጅ «ቲቸር፣ የእኛን አይደለም» አለ። ያን ቀን ውይይቱ ከሰዓቱ አልፎ ሄደ።

በጣም ያስተማረኝ ግን ደጫቱ ነው።

ደጫቱ ድሬዳዋ ውስጥ ሁለቱን ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሚለይ የአሸዋ ወንዝ ነው። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፤ ሰው ይሻገረዋል፣ ይነግድበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ሌሊት፣ ከከተማዋ በላይ ባሉት ተራሮች የዘነበው ዝናብ በዚህ ወንዝ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ ዳርና ዳሩ ላይ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠራ። ተማሪዎቼ ያኔ ወይ ጨቅላ ነበሩ፣ ወይ አልተወለዱም።

ድልድዩ ላይ ወሰድኳቸውና ግንቡን አሳየኋቸው። «ይህን የምትሠሩት እናንተ ብትሆኑ ቁመቱን እንዴት ትወስናላችሁ?» አልኩ። ሃይድሮሎጂ የወሰዱት ቶሎ መለሱ። «የመቶ ዓመት ጎርፍ እንወስዳለን።» እሺ፣ እናስላው አልኩ። የመቶ ዓመት ጎርፍ ማለት በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ማለት አይደለም። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ የሆነ ጎርፍ ነው። በአንድ ዓመት ያለመምጣት ዕድሉ 0.99 ነው። 0.99ን በራሱ 30 ጊዜ አባዙት። 0.74 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ወንዙ ዳር ቤት ሠርቶ 30 ዓመት የሚኖር ቤተሰብ ያንን ጎርፍ ቢያንስ አንዴ የማየት ዕድሉ 26 በመቶ ነው። ለ50 ዓመት ከሆነ 40 በመቶ ይጠጋል።

ስልካቸው ላይ ሲያሰሉት ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ከአራት ዕድል አንዱ ማለት ነው።

«ታዲያ 100 ለምን እንወስዳለን? ለምን 200 አይሆንም?» አለች አንዷ። ቤተሰቦቿ በዚያ ሌሊት ጎረቤት አጥተዋል። ሌላው «200 ካልን ግንቡ ይወፍራል፣ ብሩ ይበዛል፣ ዳር ያሉ ቤቶችም ይነሳሉ» አላት። «እሺ፣ የማን ቤት ይነሳ?» አለችው። ተከራከሩ። አንዱ ብሩን ለማስጠንቀቂያ ሥርዓት እናውለው አለ፤ ላይ ተራራው ጋ ሲዘንብ ታች ያለው ሰው ስልክ ይደወልለት። ሌላው ሌሊት ስልኩ የተዘጋ ሰውስ አለ። እኔ ምንም አልተናገርኩም። ቀመሩ የግንቡን ቁመት ይነግርሃል፤ 50 ይሁን 100 ይሁን 200 የሚለውን ግን አይነግርህም። እሱን የሚወስነው ሰው ነው፣ ውሳኔውም የምህንድስና ብቻ አይደለም። ይህን እኔ ሳልል እነሱ ደረሱበት።

አሪስቶትልን ያመጣሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሃያ ደቂቃ በቃ። ስለ ማስተዋል ሳወራ ሁሉም ደጫቱን እያሰበ ነበር።

ከዚያ ወደ ሐረር ወጣን። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱን ስንወጣ ስለ ባቡሩ አወራን። ባቡሩ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረር ከእሷ በ700 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። ሐዲድ ደግሞ ዳገት አይወድም። ብረት በብረት ላይ ቶሎ ይንሸራተታል፤ ተራራው ላይ ለማውጣት ብዙ መዞርና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ መስመሩ ከታች አለፈ፣ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ በደረሰበት ሜዳ ላይም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር የተባለችው። ንግዱም ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። አንድ የዳገት ስሌት አንዷን ከተማ ወለደ፣ የሌላዋን ገበያ ወሰደ። የድሬ ልጆች ስለ ከተማቸው እንዲህ አስበው እንደማያውቁ ነገሩኝ።

በግንብ በታጠረው አሮጌው ሐረር፣ ጁገል ውስጥ፣ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ። የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ለተማሪዎቹ የሰጠኋቸው ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ አንድ ሰዓት ተቀምጣችሁ እዩ፣ ስልክ አታውጡ። በእግር የሚረገጥ አሮጌ መኪና ላይ የሚሠሩ አንድ አባት አጠገብ ተቀመጥን። በመሃል ቆም አሉና የክሩን መወጠሪያ ትንሽ አዞሩ። «ጋሼ፣ ምን አይተው ነው?» አልኳቸው። «አላየሁም፣ ሰማሁት» አሉ። ክሩ ሲላላ ግርግሩ ይለወጣል አሉን። እኔ ስለ ማሽን ንዝረት መለኪያ ሳስተምር ዓመታት አሳልፌያለሁ። ይህ ያው እውቀት ነው፣ በጆሮ።

ማታ ሆቴል በረንዳ ላይ ስለ አንድ ቃል አወራን። ጠይብ። ብረት ቀጥቃጩን ስንንቅ የምንጠራበት ቃል ነው። ሥሩ ግን ግዕዙ ጠቢብ ነው፤ ጥበብም ከዚያው ነው። አዋቂ ማለት የነበረው ቃል ስድብ ሆነ። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠሪን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ቃሉ ከመቶ ዓመት በኋላም አልታጠበም። አንዱ ተማሪዬ አያቱ ቀጥቃጭ እንደነበሩ፣ ለክፍል ጓደኞቹ ግን ተናግሮ እንደማያውቅ ያን ማታ ተናገረ። ሁላችንም ዝም አልን። የምህንድስና ትምህርት ቤት ውስጥ የቀጥቃጭ የልጅ ልጅ የሚያፍር ከሆነ ፍልስፍናችን ከዚያ መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ።

አሁን ምን ተማርክ ለምትሉኝ። ሥራው ከባድ ነው፣ በተለይ እርማቱ። ሙግትን ማረም ስሌት ማረም አይደለም፤ ለአንድ ወረቀት ሃያ ደቂቃ ይሄድብኛል። አርባ ተማሪ ካለ አስቡት። «ቲቸር፣ መውጫ ፈተና ላይ ይመጣል?» ብለው ይጠይቁኛል። አይመጣም። እውነቱን እነግራቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ከዚያ በኋላ ትኩረታቸውን ይቀንሳሉ፣ አልፈርድባቸውም፤ የሚጠብቃቸውን ፈተና ያውቃሉ። የሥራ ባልደረቦቼም ሁለቱን ሰዓት ለስሌት ብትሰጠው ይሻል ነበር ይሉኛል። ስሌቱ እንዳይጎዳ እኔም እጨነቃለሁ፤ ለዚህ ነው ሁልጊዜ ቁጥር ካለበት ዕቃ የምጀምረው። ስሌት የሌለበት ፍልስፍና እኔ ክፍል ውስጥ አልያዘም። የደጫቱ 26 በመቶ ባይኖር ኖሮ ያ ክርክር አይነሳም ነበር።

አንድ ነገር ግን ቀድሜ ባደርገው ኖሮ እላለሁ። ሰው ጠይቁ ብዬ ከመላኬ በፊት እንዴት እንደሚጠየቅ አላስተማርኳቸውም። የመጀመሪያዎቹ ልጆች መንደር ወርደው «ፓምፑ ጠቅሟችኋል?» ብለው ጠየቁ። ማን ነው ለእንግዳ አልጠቀመንም የሚለው? አሁን መጀመሪያ ውሃ ይቀዳሉ። ጄሪካን ተሸክመው አብረው ይሄዳሉ። ጥያቄው መንገድ ላይ ይመጣል።

ባለፈው ዓመት አራት ተማሪዎች ያንን የሶላር ፓምፕ እንደ ፕሮጀክት ወሰዱት። ተንሳፋፊውን አወጡት። ሮቶው ሲሞላ ትርፉ ውሃ በቧንቧ ወርዶ የከብት ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ ገንዳው ሲሞላ ያየ ሰው ፓምፑን ያጠፋል። ማብሪያው ከሳጥኑ ውጭ ነው፣ ቁልፍ የለውም። በዚህ ብዙ ተጨቃጨቅን። እኔ የከርሰ ምድር ውሃ ይባክናል፣ ሰው ማጥፋቱን ይረሳል አልኩ። እነሱ ፍየል ያለው ሰው ገንዳ ሲፈስ አይረሳም አሉ።

ሥዕሉን ይዘን ወደ መንደሩ ወረድን። እኚያው እናት ወረቀቱን አላዩም። ገንዳው የሚቀመጥበት ቦታ ሄደው ቆሙና እጃቸውን ጉልበታቸው አጠገብ አደረጉ። ከዚያ ዝቅ አደረጉት።

«ግልገሎቹ አይደርሱም» አሉ።

ልጆቹ ቁመቱን በ15 ሳንቲሜትር ቀነሱት።