ጎዳና ለሚያድር ታካሚ ማገገሚያ ቤት ስንከፍት ማንም ያልነገረን

አዳማ ላይ ከሆስፒታል ወጥተው መግቢያ የሌላቸው ሰዎች የሚያገግሙበት ባለ ስድስት አልጋ ቤት አለን። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ነገር ለማድረግ ለምታስቡ ነው። ቤት መከራየቱ፣ ፍራሽ መግዛቱ፣ ደብዳቤ ማጻፉ እንደምንም ያልቃል። እኛን የጣለን ታካሚውን ከሆስፒታል መረከቡ ነው።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። ለክፍለ ከተማና ለቀበሌ የሚገባውን ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ አጽፉ፤ የሥራ ቋንቋቸው ስለሆነ በአማርኛ ይዞ ሄዶ መመለስ የቀን ኪሳራ ነው። ቤቱ ደረጃ የሌለው፣ በሩም ዊልቸር የሚያስገባ ይሁን፤ 80 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። በአልጋና በአልጋ መካከል አንድ ሜትር ተዉ። ለአንድ አልጋ ሦስት አንሶላ ግዙ፦ አንዱ ይነጠፋል፣ አንዱ ይታጠባል፣ አንዱ ሌሊት ለሚበላሸው ይቀመጣል። ሽንት ቤቱ የሚቀመጡበት ካልሆነ እግሩ የተሰበረ ሰው ቁጢጥ ማለት አይችልም፤ የፕላስቲክ ወንበር መሃሉን ቆርጣችሁ ከጉድጓዱ በላይ አስቀምጡ። እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ ከሥራቸው የጎማ ቁራጭ ያስፈልጋል።

በረኪና አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ውሃ ነው፤ በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል፣ ደምና መግል የነካው ወለል ላይ አሥር ደቂቃ ይቆያል። ቁስል ላይ አይደረግም። የማይደረግ መሆኑን ጀሪካኑ ላይ ጻፉበት፤ «ያደርቀዋል» ብሎ የሚያፈስ አይጠፋም። ኢንሱሊን ደግሞ ማቀዝቀዣ ካላችሁ በር ላይ እንጂ ፍሪዘሩ አጠገብ አታስቀምጡት፤ የቀዘቀዘው በረዶ ከሆነ ይጣላል። መብራት ሲጠፋ፣ በተለይ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት፣ ብልቃጡን ውሃ በማያስገባ ዕቃ አሽጋችሁ፣ ውሃ የያዘ የሸክላ እንስራ ውስጥ ጥላ ቦታ አኑሩት።

በሩ ላይ «ክሊኒክ» የሚል ቃል አትለጥፉ። ክሊኒክ ካላችሁ የክሊኒክ ፈቃድና ባለሙያ ትጠየቃላችሁ። የቁስል ፋሻ የሚቀየርበትን ነገር ከቅርቡ ጤና ጣቢያ ጋር ተነጋገሩ፤ ቤቱ ማረፊያ ብቻ ይሁን።

መጀመሪያ የቀጠርነው ነርስ ነበር፤ ስህተቱ እዚያ ጀመረ። እንዲህ ዓይነት ቤቶች አሜሪካ ውስጥ ቦስተንና ዋሽንግተን ላይ እ.ኤ.አ. በ1985 አካባቢ ነው የተጀመሩት፤ እዚያ ብዙዎቹ ቤቶች ራሱን ችሎ ሽንት ቤት የሚሄድ፣ መድኃኒቱን ራሱ የሚወስድ ሰው ነው የሚቀበሉት። ያንን መስፈርት ይዘን ተነሳን። እኛ አገር ግን ሆስፒታሉ ራሱ የሚሠራው በአስታማሚ ነው። ካርድ የሚያወጣው፣ ናሙና ላቦራቶሪ የሚያደርሰው፣ ውስጥ የጠፋውን መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ የሚመጣው፣ ምግብ የሚያመላልሰው፣ ሐኪሙ የተናገረውን የሚሰማው አስታማሚ ነው። ጎዳና የሚያድረው ሰው ከሌሎች ታካሚዎች የሚለየው ቤት በማጣት ብቻ አይደለም፤ አስታማሚ የለውም። ስለዚህ የደመወዝ በጀታችሁ መጀመሪያ ለሁለት ጠንካራ አስታማሚዎች፣ ከተረፈ ለነርስ ይሁን።

አሁን ወደ ርክክቡ። ሆስፒታል አልጋ የሚያስለቅቀው ዓርብ ከሰዓት ነው። አሥር ሰዓት ላይ ይደወላል፤ «ታካሚያችሁ ወጥቷል፣ ውሰዱት።» እኛም ደንበኛችን የሆነውን ባለ ባጃጅ ላክን። ሰውየው እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ መድኃኒቱ በፌስታል፣ አራት ቦታ ከታጠፈች ወረቀት ጋር ደረሰ። ዲስቻርጅ ሰመሪ፣ ማለትም ሕክምናውንና ቀጣዩን ክትትል የሚዘረዝረው የመውጫ ማጠቃለያ፣ የለም። ስንደውል የተሰጠን መልስ «ለአስታማሚው ነግሬዋለሁ» የሚል ነበር። አስታማሚ የተባለው ባለ ባጃጁ ነው። እሱም የተነገረውን ከመንገዱ ጫጫታ ጋር እዚያው ረስቶታል።

ወረቀቷ ላይ ቀጠሮው «5/8» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ነገር የለም። ከእኛ አንዱ የመድኃኒቱ ካርቶን ላይ ያለው ቀን ሁሉ በፈረንጅ ስለሆነ ይህም እንደዚያ መስሎት፣ ወርን አስቀድሞ ሜይ 8 ብሎ አነበበው፤ ማለትም ሚያዝያ 30። ሐኪሙ የጻፈው ሚያዝያ 5 ነበር። ልዩነቱ 25 ቀን ነው። በተሰበረው ጣት ውስጥ የገባው ሽቦ በአራት ሳምንቱ መውጣት ሲገባው ከሰባት ሳምንት በላይ ቆየ፤ መግቢያው መገለ፣ ጣቱም ደረቀ። በጉልበቱ ለሚያድር ሰው ጣት ማለት ደመወዝ ነው።

የጻፈው ሰው ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብሎ ሁለት ሦስት ፊደል ቢጨምር ምን ነበረበት? አሁንም ሳስበው ያበሳጨኛል። የባሰ የሚያበሳጨኝ ግን እኛው ነን። ሽቦው ከቆዳው በላይ ታጥፎ ይታይ ነበር፤ ፋሻ ሲቀየር ሁሉ አይተነዋል። «ይህ ነገር የሚወጣው መቼ ነው?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ባጃጅ ብቻውን አይሄድም። አስታማሚው አንድ ገጽ ቅጽ ይዞ ይሄዳል፣ ነርሷ ፊት ቆሞ ይሞላል፣ መልሶ ያነብላታል። ሰውነቱ ውስጥ የቀረ ነገር አለ ወይ፤ ሽቦ፣ ስፌት፣ የሽንት ቱቦ? የሚወጣው መቼ ነው? እግሩን ይረግጣል አይረግጥም? የመጨረሻውን መድኃኒት የወሰደው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ፋሻው በስንት ቀን ይቀየራል? ቀጠሮው የወሩ ስም ተጽፎ መቼ ነው? ችግር ቢመጣ የሚደወልለት ማን ነው? ሰዓትም እንደ ቀኑ ያሳስታል፦ «8:00» ተብሎ የተጻፈ ኢንሱሊን ከቁርስ በፊት ያለው ሁለት ሰዓት ነው ወይስ ከምሳ በኋላ ያለው ስምንት ሰዓት? «ጠዋት» የሚል ቃል ካልተጻፈበት አትቀበሉ።

ወረቀት ከሌለ አንረከብም ማለትንም ሞክረናል። አልመክርም። አንድ ጊዜ እንቢ ስንል ታካሚውን ከነፌስታሉ በር ላይ አስቀምጠውት አገኘነው። የሠራልን ሌላ ነው፦ ስልክ አለመጠበቅ። አስታማሚያችን ሐሙስ ጠዋት ዋርድ ይገባል፣ የታካሚ መግቢያና መውጫ የሚያስተባብረውን ሊያዞን ክፍልና ሶሻል ወርከሯን (የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋን) ያነጋግራል፣ ማን ሊወጣ እንደሆነ ይሰማል። ነርሶቹ ፊቱን ካወቁት ወረቀቱ ራሱ ይመጣል።

የነፃ ሕክምና ወረቀቱም ታካሚው ገና ሆስፒታል ተኝቶ እያለ ይጨረስ። «መጀመሪያ ቀበሌ ሂዱ» ትባላላችሁ፤ መታወቂያ የሌለውን ሰው ቀበሌው አላውቀውም ይላል፣ በዚህ መሃል የክትትል ራጁ ቀን ይደርሳል። ሶሻል ወርከሯ ፋይሉ በእጇ እያለ የምታደርገው ነገር ከወጣ በኋላ ከምታደርገው ይበልጣል። የጤና መድኑ በቤተሰብ የሚመዘገቡበት፣ በዓመት አንዴ የሚታደስ ስለሆነ ለነገ ራጅ አይደርስም። የቲቢና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደሆነ ነፃ ነው፤ ለእሱ አትሯሯጡ።

ቲቢ ያለበትን አንቀበልም የሚሉ አሉ። እኛ እንቀበላለን። ሕክምና ከጀመረ ሁለት ሳምንት እስኪሞላው ለብቻው፣ መስኮቱ ቀን ከሌት ክፍት በሆነ ክፍል ይተኛል። የአዳማ ንፋስ ለዚህ ጥሩ ነው፣ አቧራውን ብትችሉት። ስድስቱን ወር እኛ ጋር አይጨርስም፤ ቀሪውን የሚወስድበት ጤና ጣቢያ ከመውጣቱ በፊት ይታወቃል።

ምግብ ላይ ቁስል የሚድነው በፕሮቲን ነው። «ሕመምተኛ አይጾምም» ብላችሁ አትከራከሩ፣ ብዙዎቹ ይጾማሉ። በዐቢይ ጾም ሽሮውን አወፍሩት፣ ምስርና ለውዝ ጨምሩ። ጫትን ጨርሶ መከልከልም አያዋጣም፤ በሁለተኛው ቀን ሰውየው ከነቱቦው ይጠፋል። ሰዓት ወስኑለት፣ ግቢ ውስጥ ይሁን። ሱስ የሚያስይዘው የሕመም ማስታገሻ ትራማዶል ግን ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ይግባ፤ ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ይሁን።

የመውጫው ቀን በገባ ዕለት ይነገረዋል። ሲወጣ ክራንቹን ይዞ ይሄዳል፤ ጫፉ ከብብቱ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ያለ፣ ክብደቱ በእጁ እንጂ በብብቱ የማያርፍ መሆኑ ታይቶ። ወረቀቱን ዝናብ ወይም አፈሳ ይወስድበታል፤ ስለዚህ ዋናውን በፕላስቲክ አድርገን እንሰጠውና ፎቶ ኮፒውን እናስቀራለን። አንዳንዱ ከወራት በኋላ በሩን አንኳኩቶ የሚጠይቀን ያንን ኮፒ ነው።