ከአተላ የሚወጣ የዶሮ መኖ

ዶሮ የሚያረባ ሰው እንደሚያውቀው፣ በኪሎ ሲሰላ ይበልጥ የሚወደደው በቆሎው ሳይሆን ፋጉሎውና አኩሪ አተሩ ነው። እኔም ጎንደር ውስጥ በጓሮዬ ጥቂት ዶሮዎች ስለማረባ፣ ከቅዳሜ ገበያ የሚወጣው የጎመን ቅጠልና የተበላሸ ፓፓያ ቦይ ውስጥ ተጥሎ ባየሁ ቁጥር እቆጭ ነበር። አሁን ያንኑ ጥራጊ ጥቁር ወታደር ዝንብ ለሚባለው ዝንብ እጮች አበላለሁ፤ እጮቹን ደግሞ ዶሮዎቹ ይበሏቸዋል።

ይህ ዝንብ ከቤት ዝንብ ጋር ሊምታታ አይገባም። ከጎለመሰ በኋላ በዋናነት እጭ ሳለ ባከማቸው ስብ ስለሚኖር ምግባችንን ፍለጋ አይመጣም፣ አይናከስምም። ሴቷ በአንድ ጊዜ 500 ገደማ እንቁላል የምትጥለው በሚበሰብሰው ነገር ላይ ሳይሆን በአቅራቢያው ባገኘችው ደረቅ ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ከሳፋው በላይ ቁራጭ ካርቶን አንጠለጥላለሁ። እንቁላሎቹ በ4 ቀን ገደማ ይፈለፈላሉ፤ እጮቹም ሙቀትና ምግብ ካገኙ በሁለት ሳምንት ያህል ለመኖ ይደርሳሉ። ሲደርቁ ከክብደታቸው 40 በመቶ የሚጠጋው ፕሮቲን ነው።

የሚያስቸግረው የጎንደር ሌሊት ነው። እጮቹ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቃቸው ደህና ይበላሉ፤ ከተማችን ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ዕድገታቸው ይጓተታል። ሳፋውን በጆንያ ጠቅልዬ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር አስጠጋዋለሁ። ተጠጋግተው ሲበሉ ራሳቸውም ሙቀት ይፈጥራሉ፤ ማለዳ እጄን ስሰድ መሀሉ ትኩስ ነው፣ ጆሮዬን ሳስጠጋም ድምፁ ቀስ ብሎ የሚንተከተክ ሽሮ ይመስላል።

ከባዱን ጥፋት ያጠፋሁት በአተላ ነው። ጎረቤቴ የሆኑ እናት የሰጡኝን የጠላ አተላ ሳላጠልለው ገለበጥኩት፤ ሌሊቱን እጮቹ አየር አጥተው በረጠበው የሳፋ ግድግዳ ተስበው ወጡ። ጠዋት ወለሉ ላይ ስለቅም እኒያው እናት መጡና «ልጄ፣ ይህን ትል ነው ዶሮ የምታበላው?» አሉኝ። አንድ እፍኝ ወስጄ በፊታቸው በተንኩላቸው፤ ዶሮዎቹ ተሻምተው ሲለቅሙት አይተው ከዚያ ወዲህ አተላውን አጥልለው ይልኩልኛል። እኔም ከፉርሽካ ጋር አሸዋለሁ፤ በእጅ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ ብቻ ከወጣው ልኩ ነው።

ባትሪም ሆነ ሌላ ብረት የነካውን ጥራጊ ፈጽሞ አልሰጥም፤ እጮቹ እንደ ካድሚየም ያሉትን መርዛማ ብረቶች በሰውነታቸው ያከማቻሉና። የደረሱት ጠቁረው ደረቅ ቦታ ፍለጋ በራሳቸው ይወጣሉ። ለዚህ ባጋደምኩት ሳንቃ እየተሳቡ ጣሳው ውስጥ ይወድቃሉ፤ ከእነርሱም ጥቂቱን ለዘር አስቀራለሁ።