በመስታወቱ በኩል የሚታይ ፎቶ፦ ለሚስቴ አባት ኦፍሬንዳ እንዴት እንደሠራን
የሚስቴ አባት ካረፉ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። የሜክሲኮ ሰው ናቸው፤ አገራቸው ፑዌብላ ግዛት ውስጥ ያለችው ዋኬቹላ ናት። ኦፍሬንዳ በሜክሲኮ በየዓመቱ በሙታን ቀን ለሞተ ዘመድ ፎቶውና ምግቡ የሚደረደርበት ጠረጴዛ ነው። ዋኬቹላ ግን በዓመቱ ውስጥ ለሞተ ሰው ተራ ጠረጴዛ አይበቃም። ነጭ ሳቲን የለበሰ፣ ጣሪያ ሊነካ የደረሰ ባለ ሦስት ደረጃ ኦፍሬንዳ ይቆምለታል። እኛም ሎስ አንጀለስ ያለችው ጠባብ ሳሎናችን ውስጥ አሳጥረን ሠራነው። አማቴ አዘዙ፣ እኔና ሚስቴ ሠራን።

ላይኛው ደረጃ የመስቀሉ ነው፤ መሃለኛው የእመቤታችንና የመላእክት። ታችኛው ምድር ነው፤ ፎቶው፣ ውሃው፣ ጨውና ዳቦው ያለው እዚያ ነው። አማቴ ፎቶውን ጀርባውን ለእኛ አድርገው አስቀመጡት፣ ፊት ለፊቱ መስታወት። ገብቶ የሚያይ ሰው ሰውየውን የሚያገኛቸው መስታወቱ ውስጥ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ታየዋለህ እንጂ አታገኘውም፣ ልጄ። እሱ አሁን በዚያ በኩል ነው» አሉኝ።

አይሁድ ቤት በሐዘኑ ሰባት ቀን መስታወት ይሸፈናል፤ ነፍስ እንዳትያዝበት ነው የሚሉ አሉ። እዚህ ግን ሙት የሚታየው በመስታወት ነው። ሁለቱም ቤት መስታወትን እንደ በር ነው የሚያየው፣ አንዱ ይዘጋዋል፣ አንዱ ይከፍተዋል።

ለመሥራት ያሰበ ካለ ይሄን ይያዝ። መስታወቱን ግድግዳ አስደግፈህ ወደ ኋላ ከተንጋደደ የምታየው የራስህን ፊትና የጣሪያውን አምፖል ነው። አናቱ ትንሽ ወደ ፊት ማዘንበል አለበት። እኔ ከጀርባው ከላይ በኩል የታጠፈ ካርቶን ወሸቅኩ፣ እንዳይወድቅ ደግሞ በሽቦ አሰርኩት። ቁመቱ ከፎቶው ይብለጥ፣ ያለዚያ የፎቶው ጀርባ ይጋርደዋል። ሌላው ብርሃን ነው፦ የፎቶው ፊት ወደ ውስጥ ስለዞረ ይጨልማል፣ ስለዚህ በፎቶውና በመስታወቱ መካከል ግራና ቀኝ ብርጭቆ ውስጥ ያለ ሻማ አድርግ፣ ከሳቲኑ ግን አርቀው። ሻማው ሲበራ አማቼ ብቅ አሉ፣ ጢማቸው ሳይቀር። ሚስቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ለረጅም ጊዜም አልተነሳችም።

ከበሩ እስከ ኦፍሬንዳው ሴምፓሱቺል የሚሉትን ብርቱካናማ የሙታን ቀን አበባ በተንን፣ ነፍሱ መንገድ እንዳይጠፋበት። ኮፓል የሚባል የዛፍ ሙጫ አጨስን፤ ከእኛ ዕጣን ብዙም አይርቅም።

እናቴ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ስታየው ደነገጠች። «መንፈስ መጥሪያ ነው እንዴ?» አለችኝ። ማንም አይጠራም እማዬ፣ በዓመት አንዴ ራሳቸው ይመጣሉ ነው የሚባለው አልኳት። ደግሞ ሰዎች ሻማ ይዘው እየገቡ፣ ጸልየው፣ ሞሌ የሚባለውን የሜክሲኮ ወጥና ዳቦ በልተው ሲወጡ አየች። «ታዲያ ይሄ ተዝካር ነዋ!» አለች። ልክ ናት ብዬ አምናለሁ፤ ሰው በስሙ ሲበላለት ነው ያልተረሳው።

ከዓመቱ በኋላ ትልቁ አይደገምም፣ ትንሽ ጠረጴዛ ይበቃል ይላሉ አማቴ። መስታወቱ ግን እንዲቀር አልፈልግም፤ እለምናቸዋለሁ።