እንቁጣጣሽና የአያትነት ሹመቴ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

እኛ ተዋንያን ዕድሜያችንን የምንቆጥረው በሚሰጠን ገጸ ባሕሪ ነው። መጀመሪያ አፍቃሪ ነበርኩ። ከዚያ ባል ሆንኩ። ቀጥሎ ልጄን አልድርም የሚል ቁጡ አባት አደረጉኝ። ዘንድሮ ደግሞ አያት ሆኜ ልምምድ ላይ ነኝ። ማንም ጠርቶ "አርጅተሃል" አላለኝም፤ ቃለ ተውኔቱን ሲሰጡኝ ገባኝ።

ወጣት ሳለሁ ዝና የሚጣፍጠኝ ታክሲ ውስጥ ነበር። ረዳቱ በገጸ ባሕሪዬ ስም ይጠራኝና "ሂሳብ ተከፍሏል" ይላል። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያያል። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አያለሁ፤ ጆሮዬ ግን ውስጥ ነው። በተለይ የበዓል ዝግጅት ላይ ከታየሁ በማግስቱ ሰፈር ውስጥ መሄድ አይቻልም። ያኔ ቴሌቪዥኑ አንድ ጣቢያ ነበራ! ዶሮ ወጡን የበላ ሁሉ አይቶኛል።

በቀደም ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ፣ አንበሳው ሐውልት ጋ፣ ሁለት ልጆች እየሳቁ መጡ። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ፎቶ..." አሉኝ። ኮሌታዬን አስተካከልኩ። ልጅቷ ስልኳን አቀበለችኝና ሄዳ ከጓደኛዋ ጋር አንበሳው ሥር ቆመች። አነሳኋቸው። እግራቸው ተቆርጧል ብለው ደግሜ አነሳኋቸው። ቤት እስክገባ ሳቄ አለቀቀኝም።

በሃያዎቹ ዕድሜዬ ሽማግሌ ስጫወት ፀጉሬ ላይ ፓውደር ይነሰነሳል፣ ጺም በሙጫ ይለጠፋል። ወገቤን አጎብጬ፣ እጄን እያንቀጠቀጥኩ እገባለሁ። ጭብጨባው ልዩ ነበር። አሁን እኩዮቼን ሳያቸው ግን ሊጎብጥ የሚፈልግ አንድም የለም! ሽማግሌ የሚታገለው ቀና ለማለት ነው። ከወንበር ሊነሳ ሲል ጨዋታ ያነሳል፤ ሰው ወሬውን ሲሰማ እሱ ጉልበቱን ተደግፎ ይነሳል። ደረጃ መሃል ላይ ይቆምና "ለመሆኑ ያ ሰውዬ እንዴት ሆነ?" ይላል። ትንፋሹን እየሰበሰበ እኮ ነው። ይሄን በሃያ ዓመቴ ማን ሊነግረኝ? ስለዚህ አሁን የምጫወተው አያት ከዘራ እንዳይዝ አዘጋጁን ለምኜዋለሁ።

ዝና ለፊት ያዳላል። ፊት ደግሞ ያረጃል። ድምፅ ይሻላል መሰለኝ። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ያለ ዕድሜው ተለየን፤ በአካል አይቶት የማያውቅ ሰው ግን በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲሰማ ዛሬም ድምፁን ይለየዋል። ሌላው ተዋናይ ፍቃዱ ተክለማርያምም ሐምሌ 2010 ካረፈ ወዲህ ትረካው ከስልካችን አልጠፋም።

"ወጣትነት አይናፍቅህም ወይ?" ትሉኛላችሁ። ጉልበቱ ይናፍቀኛል፣ በጣም። "ሰው አየኝ ይሆን?" የሚለው ጭንቀት ግን ይቅርብኝ። አሁን ገበያ ሄጄ ሽንኩርት እከራከራለሁ፤ ማንም "እሱ እኮ ነው" ብሎ ዋጋ አይጨምርብኝም።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ከእኔ በፊት መድረኩን የያዙት አንጋፎች ብዙዎቹ ቤት ውለዋል። ስማቸው የሚነሳው ሲታመሙ ነው። በዓሉን ምክንያት አድርጌ የሁለቱን ቤት ላንኳኳ አስቤያለሁ። ቁጥራቸው ያላችሁም ደውሉላቸው፤ ለሰላምታ ብቻ።

በሉ፣ ሽንኩርት እንድከትፍ እየተጠራሁ ነው። "አበባየሆሽ" የሚሉ ልጆች በራችሁን ሲያንኳኩ "ዝርዝር የለም" እንዳትሉ። የሙያ ባልደረቦቼ ናቸው፤ ይከፈላቸው!

መልካም አዲስ ዓመት።