የራሳችን ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ ለ5 ወር በብድር ኖርን

ይሄን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ እስከዛሬ ስለሚያንገበግበኝ ነው። ባለቤቴን ስትሮክ የመታው ጠዋት ሥራ ሊሄድ ጫማውን እያሰረ ነው። በግራ በኩል ያለው የአንጎሉ ደም ስር ተዘግቶ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉ፣ ንግግሩም ጠፋ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው፣ እኔ ደግሞ ድካም ነው ትንሽ ይተኛ ብዬ ሰዓቱን አሳለፍኩት። የሰው ፊት ከተጣመመ፣ ክንዱ ከዛለ፣ ቃሉ ከተሳሰረ በፍጹም አታስተኙት፣ በቃ ይዛችሁ ሩጡ።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ሁለታችንም ሠራተኞች ነን፣ ግን ቁጠባችን በሙሉ ያለው በእሱ ስም ብቻ በተከፈተ ሂሳብ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንደዛው ለመድነው። የሕመም ፈቃድ ማስረጃውን ለመሥሪያ ቤቱ በጊዜ አስገባሁ፣ ደረሰኝ ሁሉ በእለቱ ፎቶ አነሳሁ፣ አከራያችንን ኪራይ ሳይዘገይ በፊት ሄጄ ነገርኳቸውና ታገሱን። እነዚህ አልከበዱኝም።

የከበደው ባንክ ነው። ወይ ባለሂሳቡ ራሱ መጥቶ ይፈርም ወይ ውክልና አምጪ አሉኝ። እሺ ብዬ በዊልቸር እየገፋሁ ውክልና የሚሰጥበት ቢሮ ወሰድኩት። ሰውየው "ስምህ ማን ነው?" አለው። ባለቤቴ ስሙን ያውቃል፣ ግን ሊናገር ሲል "ሰኞ" የሚል ቃል ወጣ። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ሰኞ። እኔ ደንግጬ ቶሎ ብዬ ስሙን መለስኩለት፣ ቀጥሎ የጠየቀውንም እኔው መለስኩ፣ ይሄ ትልቁ ጥፋቴ ነው። ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠና እሱን ሳያየው ወደ እኔ ዞሮ "አእምሮው ልክ አይደለም እኮ እህቴ፣ ሲሻለው አምጪው" አለኝ። ባለቤቴ እዛው ቁጭ ብሎ እየሰማ ነው እኮ! አንገቱን ደፋ።

ሲሻለው ማለት መቼ ነው? ከስትሮክ በኋላ ሰውነት ከሁሉም በላይ ቶሎ የሚያገግመው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፣ ፊዚዮቴራፒ ሳይቋረጥ መሠራት ያለበትም ያኔ ነው፣ እኛ ግን ለሱ የሚሆን ገንዘብ ስላጣን በሳምንት 4 ቀን የነበረውን ወደ 1 ቀን ቀነስነው። ገንዘቡ አለ እኮ፣ የራሱ ላብ ነው፣ ግን ማውጣት አልቻልንም። ላፕቶፔን ሸጥኩ፣ በወለድ ተበደርኩ፣ ወለዱ ዋናውን ሊያክል ደረሰ። የሕክምና ማስረጃ ይዤ ውክልና ቢሮው ብመለስ ወረቀቱ ላይ ያለው "ስትሮክ፣ የንግግር ችግር" ብቻ ስለሆነ ጭራሽ ወረቀቱኑ ውክልናውን ላለመፍቀድ ማስረጃ አደረጉት።

በሦስተኛው ጊዜ ፍርድ ቤት ሄደሽ ችሎታ የለውም አስብዪና ሞግዚቱ ሁኚ አሉኝ። ደክሞኝ ነበር፣ ማመልከቻ አስጻፍኩና ፈረምኩ። ማታ ላይ ሳይነግሩት ማስገባት ደበረኝና አነበብኩለት። "የራሱን ጉዳይ ማስተዳደር የማይችል" የሚለው ጋ ስደርስ በግራ እጁ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ በጀርባው ገለበጠው፣ እንባው ይወርድ ነበር። በነጋታው ቀደድኩት። ምንም ነገር መረዳት ለማይችል ሰው ሞግዚትነት ተገቢ ነው፣ እሱ ግን ሁሉንም ይረዳል፣ እኔም አውቃለሁ፣ አውቄ ነው የፈረምኩት።

መፍትሔው የመጣው ከንግግር ቴራፒስቷ ነው። ችግሩ አፌዚያ ይባላል አለችኝ፣ ቃል ጠፋ ማለት አእምሮ ጠፋ ማለት አይደለም። እኔ ለ4 ወር ያህል ይሄን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም! በደንብ ፈትሻው ደብዳቤ ጻፈች። የሚነገረውን እንደሚረዳ፣ አዎና አይ በሚያስመልስ ጥያቄ ሳይወላውል እንደሚመልስ፣ በምን ዘዴ ቢጠየቅ እንደሚሻል ሁሉ ተጽፏል። ሐኪሙም ፈረመበት። ማስረጃ ስታስጽፉ እንዲህ ተዘርዝሮ ይጻፍ በሉ፣ የበሽታው ስም ብቻ ያለበትን ወረቀት አትቀበሉ።

ጠዋት ሳይደክመው ሄድን፣ እኔም አፌን ዘጋሁ። ተራ የደረሰን ጠና ያሉ ሴትዮ ጋ ነበር፣ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበቡትና ወንበራቸውን ወደሱ አስጠጉ። "ይቺ እህትህ ናት?" ራሱን ነቀነቀ፣ አይደለችም። "ሚስትህ ናት?" አዎ። "ከባንክ ገንዘብህን እንድታወጣ ትፈልጋለህ?" አዎ። "መኪናህንስ እንድትሸጥ?" በኃይል አይ አለ። የግራ አውራ ጣቱን አሻራ ሰጠ፣ ምስክሮች ፈረሙ፣ በቃ አለቀ። ለ5 ወር ያንከራተተን ነገር ሻይ ተጠጥቶ የሚያልቅ ነበር።

ቢሮዎቹ ሲሻለው ይምጣ ይላሉ፣ እኔ ግን አትጠብቁ ነው የምለው። አንዱ እምቢ ካለ በሌላ ቀን ሌላ ሰው ጋ ሂዱ፣ አልቀበልም ያለበትን ምክንያትም በጽሑፍ ይስጣችሁ። ጤነኛ ሆናችሁ ይሄን የምታነቡ ደግሞ ሂሳባችሁን ዛሬ በጋራ አድርጉት። ውክልናም ከሰጣችሁ፣ ተራ ውክልና በብዙ አገር ሰጪው ችሎታውን ሲያጣ አብሮ ስለሚቋረጥ፣ ሰጪው ቢታመምም እንዲጸና ተደርጎ መጻፍ ይችል እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። ሥራ ልቀቂና አስታሚው የሚሉኝም ብዙ ነበሩ፣ እንኳን አልሰማኋቸው፣ የኔ ደመወዝ ባይኖር ቤቱንም እንለቅ ነበር።

ብድሩ ገና አላለቀም። ቀኝ እጁ አሁንም አይጨብጥም፣ እነዛን 3 ወራት ሳስብ ያመኛል። ግን በግራ እጁ መፈረም ተለማመደ፣ ደብተር ሙሉ ጽፎ ነው የለመደው፣ ባለፈው ሳምንት ባንክ ሄደን አዲሱን ፊርማውን አስመዘገብን፣ የኔም ስም ሂሳቡ ላይ ገባ።